ቻርልስ ዲክንስ በአሜሪካ፤ ስለ መንገዱና ስለ ማዕዱ

መንገደኛ ወደ ባዕድ አገር በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ከተማውንና ሕንፃውን ነው። ስለ ከተማው ሌላ ሰው ሊነግረው ይችላል፤ ስለ ማዕዱ ግን ምስክሩ የገዛ አፉ ነው። ስለዚህም የታወቁ መንገደኞች የጻፉትን ስናነብ፥ ስለ ምክር ቤትና ስለ ሹማምንት ካተቱት ይልቅ፥ ስለ በሉትና ስለ ጠጡት፥ ስለ ተኙበትና ስለ ተሳፈሩበት የጻፉት ብዙ ጊዜ የበለጠ እውነት ይገኝበታል። ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው ታሪክ የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1842 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ያደረገው ጉዞ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን፥ የአገራችን መሆኑን ካልገለጽን በቀር፥ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዲክንስ በዚያ ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት የቀረው ወጣት ነበረ፤ ዝናው ግን ዕድሜውን እጅግ የቀደመ ነበረ። መጽሐፎቹ በእንግሊዝ አገር ብቻ ሳይሆን በአሜሪካም በየቤቱ ይነበቡ ነበር። ዳሩ ግን ይህ ሰው በድሎት ያደገ አልነበረም። በ1824 ዓ.ም. አባቱ በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ በተባለው የሎንዶን ወኅኒ ቤት በታሰረ ጊዜ፥ እርሱ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የጫማ ቀለም በሚሠራበት ቤት በቀለሙ ዕቃ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። የሳምንቱን ጥቂት ሳንቲም በየቀኑ ከፋፍሎ ዳቦ የገዛ ልጅ ረኀብን አይረሳም። በታላቅነቱም ዘመን ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ፥ ማን ተቀምጦ እንደሚበላና ማን ቆሞ እንደሚያሳልፍ ማስተዋሉ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ወደ አሜሪካ የሄደው በታላቅ ተስፋ ነበር። ንጉሥ የሌለበት፥ መሳፍንት የማይገዙበት፥ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው የተባለበት አገር ምን እንደሚመስል በዐይኑ ሊያይ ወደደ። አራቱን ልጆቹን በወዳጆች አደራ ትቶ፥ ሚስቱን ካትሪንንና አንዲት አገልጋይ ይዞ፥ ጃንዋሪ 4 ቀን 1842 ዓ.ም. ከሊቨርፑል ወደብ ብሪታኒያ በተባለች የእንፋሎት መርከብ ተነሣ።

ይህች መርከብ ከእንጨት የተሠራች፥ በግራና በቀኝ ባሉ ታላላቅ መንኰራኵሮች ውሃውን እየቀዘፈች የምትሄድ ነበረች። ዲክንስ መኝታ ክፍሉን ባየ ጊዜ ቀልድ መሰለው፤ ሣጥኖቹ በበሩ አልገቡም፥ ፍራሹም ስስ ነበረ። በጥቂት ቀንም ውስጥ ማዕበል ተነሥቶ የነፍስ ማዳኛውን ጀልባ ሰባበረ፥ የመንኰራኵሩንም መከለያ ሳንቃ ነቃቀለ። መንገደኞቹ በባሕር በሽታ ተዘርረው ሲያቃስቱ፥ የመርከቡ ቤት አሳላፊዎች ግን በየቀኑ ሳያጓድሉ የተጠበሰ ድንችና የተጠበሰ ፖም፥ የአሳማ ፊት፥ በጨው የተቀመመ ሥጋ ያቀርቡ ነበር። ከምሳ በኋላ የሚመጣው ፍሬ ሻጋታ የጀመረው እንደ ነበረ ዲክንስ አልሸሸገም። ወደ ሃሊፋክስ ወደብ በቀረቡ ጊዜም መርከቢቱ በሌሊት ከጭቃ ላይ ወጥታ ተያዘች፤ ነገር ግን አንድም ነፍስ ሳይጠፋ ጃንዋሪ 22 ቀን ቦስተን ገቡ።

የቦስተን ሰዎች የተቀበሉት ነገሥታትን በሚቀበሉበት ክብር ነው። ዲክንስም ከተማይቱን ወደዳት። በተለይ የዕውራኑን ትምህርት ቤት አይቶ፥ ዐይኗም ጆሮዋም የጠፋ ሎራ ብሪጅማን የምትባል ልጅ በጣቷ ማንበብና መጻፍ እንደ ተማረች በሰፊው ጻፈ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የሔለን ኬለር እናት ይህንኑ አንብባ ለልጅዋ ተስፋ አገኘች። ስለ ማዕዱ ሲጽፍ ደግሞ የቦስተን ሰዎች ምሳቸው ዶሮ የበዛበት እንደ ሆነ፥ በሌሊቱም ራት ትኩስ የኦይስተር ወጥ ሞልቶ የፈሰሰባቸው ሁለት ታላላቅ ጎድጓዳ ሳሕኖች እንደማይታጡ ይናገራል። ኦይስተር በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው፤ በዚያ ዘመን በአሜሪካ የባሕር ዳር ከተሞች ሀብታሙም ድኻውም ይበላው ነበር፤ በኒው ዮርክም ከመንገዱ በታች በተቈፈሩ ምድር ቤቶች ይሸጥ ነበር።

በግብዣው መካከል ግን አንድ መራራ ነገር ገባ። በዚያ ዘመን የውጭ አገር ደራሲን መብት የሚጠብቅ ሕግ በአሜሪካ አልነበረም፤ አታሚዎች የዲክንስን መጽሐፎች ሳያስፈቅዱና ሳይከፍሉ እያተሙ በርካሽ ይሸጡ ነበር። እርሱም ፌብሩዋሪ 1 ቀን በቦስተን በተደረገለት የራት ግብዣ፥ ከዚያም በሃርትፎርድ፥ ይህን ነገር አንሥቶ ተናገረ። ወዲያው ብዙ ጋዜጦች ተነሡበት፤ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ስለ ገንዘብ ይነግረናል አሉ። የጠየቀው ሕግ የወጣው በ1891 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ ከሞተ ሃያ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።

በኒው ዮርክ ፌብሩዋሪ 14 ቀን ፓርክ በተባለው ቲያትር ቤት ሦስት ሺህ ያህል ሰው የተገኘበት የዳንስና የራት ግብዣ ተደረገለት። ሰው ሁሉ እጁን ሊጨብጥ፥ ፊቱን ሊያይ ይጋፋ ነበርና፥ በዐደባባይ ውሃ እንኳ ተሰውሮ መጠጣት እንዳልቻለ ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር በደብዳቤ አማረረ። በዚሁ ከተማ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ በታላቁ ጎዳና በብሮድዌይ ላይ እረኛ የሌላቸው አሳሞች እንደ ከተማው ባለመብት ወዲያና ወዲህ መመላለሳቸው ነው። ሐር የለበሱ ወይዛዝርት በሠረገላ ሲያልፉ አሳማው የጎመኑን እንጨት ፍለጋ በአጠገባቸው ያልፋል። ዲክንስ ስለ እነዚህ አሳሞች በሳቅ የጻፈው፥ ስለ ብዙ የመንግሥት ሰዎች ከጻፈው ይበልጥ ረዥም ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ተጓዘ። በፊላዴልፊያ እስረኛ ሰው ለብቻው ተዘግቶበት ዓመታት የሚኖርበትን ወኅኒ ቤት አይቶ፥ አእምሮን የሚገድል ቅጣት ነው ብሎ ነቀፈ። ወደ ዋሺንግተን ሲሄድም በሜሪላንድ ግዛት ባልቲሞር በምትባል ከተማ ለምሳ ወረዱ። እዚያ፥ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፥ ማዕድ ያቀረቡለትና ያሳለፉለት በገንዘብ የሚሸጡና የሚለወጡ ሰዎች ነበሩ።

ዲክንስ ስለ ሌላው ምግብ ሁሉ ምን እንደ ቀረበና እንዴት እንደ ጣመው መናገር ይወዳል፤ ስለዚህ ምሳ ግን ያስታወሰው ኀፍረቱን ብቻ ነው። በዚያ ከተማ ባርነት ከሌላው ስፍራ የቀለለ መልክ እንደ ነበረው ይመሰክራል፤ ቢሆንም እርሱ ምንም ሳያጠፋ፥ ተቀምጦ ስለ ተገለገለ ብቻ፥ ራሱን በደለኛ አድርጎ ቈጠረ። ሳሕኑን የሚያኖርልህ ሰው የራሱ እጅ የራሱ እንዳልሆነ ካወቅህ በኋላ፥ ያን እንጀራ እንዴት አድርገህ ትውጠዋለህ?

በዋሺንግተን ፕሬዚዳንቱን ጆን ታይለርን ተገናኘ፥ ምክር ቤቱንም ጐበኘ። ያስጸየፈው ነገር ግን ትንባሆ ማኘክና መትፋት ነው። በፍርድ ቤት ዳኛውም ምስክሩም፥ በምክር ቤት እንደራሴው፥ በሐኪም ቤት ተማሪው፥ ሁሉም ያኝካል፥ ሁሉም ይተፋል። መትፊያ ዕቃ በየማዕዘኑ ተቀምጦ ሳለ የምክር ቤቱ ውድ ምንጣፍ በምራቅ ተበላሽቶ ነበር፤ ዕቃው የወደቀበት እንግዳ በባዶ እጁ ከምንጣፉ ላይ እንዳያነሣ ዲክንስ ይመክራል።

ያ ትንባሆ ከየት እንደሚመጣ ግን ያየው በቪርጂንያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ነው። በማርች ወር ወደዚያ ሄዶ አንድ የትንባሆ ፋብሪካ ጐበኘ። የሚያኘከውን ትንባሆ የሚያዘጋጁት ሠራተኞች ሁሉ ባሮች ነበሩ። ጎብኚዎቹ በቆሙበት ሃያ የሚሆኑት መዝሙር እንዲዘምሩ ተፈቀደላቸው፤ ድምፃቸውን አስማምተው መልካም አድርገው ዘመሩ። ወዲያው የምሳ ደወል ተደወለና ሁሉም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት እየተጋፉ ሄዱ። ዲክንስም ሲበሉ ለማየት እንደሚወድ ለሚያስጐበኘው ጌታ ነገረው፤ ደግሞም ነገረው። ያ ጌታ ግን ድንገት ጆሮው የደነቈረ መሰለ። ዲክንስም ልመናውን ተወ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ጥቂት እንቁም። ይህ እንግዳ በአሜሪካ ያልተጋበዘበት ማዕድ አልነበረም። የገዢዎችን፥ የነጋዴዎችን፥ የሊቃውንትን ቤት አይቶአል፤ በሆቴሎች መቶ ሰው በአንድነት በሚበላበት ሰሌዳ ተቀምጦአል። እርሱ ራሱ አሳዩኝ ብሎ ከለመነው ማዕድ የተዘጋበት ግን ይህ አንዱ ብቻ ይመስለኛል። መዝሙራቸውን እንዲሰማ ፈቀዱለት፤ ሳሕናቸውን እንዲያይ ግን አልፈቀዱለትም። ሳሕኑ ሊዋሽ አይችልምና።

ወደ ሪችመንድ ሲሄድ በተሳፈረበት ባቡር፥ ለጥቁሮች በተለየው ሠረገላ ውስጥ፥ በዚያው ሰሞን የተገዛች እናት ከልጆችዋ ጋር ነበረች። ባልዋ ከቀድሞው ጌታ ዘንድ ቀርቶአል። ልጆቹ መንገዱን ሁሉ ሲያለቅሱ ሄዱ። ዲክንስ እስከ ቻርልስተን ድረስ ወደ ደቡብ ሊወርድ አስቦ ነበር፤ የመንገዱ ርዝመትና የወራቱ ሙቀት አስፈራው፥ ከዚያም በላይ ባርነትን በየዕለቱ እያዩ መኖር ከበደውና አሳቡን ለውጦ ፊቱን ወደ ምዕራብ መለሰ።

በእርሱ አገር በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነት የተሻረበት ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና ስምንት ዓመቱ ነበረ። የእኛም አገር ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነውና፥ ስለ ሪችመንዱ ፋብሪካ የምናነብ እኛም በአያቶቻችን ቤት ማን ተቀምጦ ይበላ፥ ማን ቆሞ ያሳልፍ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባናል።

ወደ ባልቲሞር በተመለሰ ጊዜ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከዋሺንግተን ኧርቪንግ ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ደራስያን ከናና ቅጠል፥ ከስኳር፥ ከበረዶና ከአረቄ የተሠራ፥ በአበባ የተጌጠ ጁለፕ የሚባል መጠጥ በአንድ ታላቅ ዕቃ ቀርቦላቸው ሲጨዋወቱ እስከ ሌሊት ቈዩ። ይህችን ሌሊት ዲክንስ እስከ ሽምግልናው በደስታ ያስታውሳት ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ ጭንቅ እንመለስ። ከሃሪስበርግ እስከ ፒትስበርግ የሄደው በቦይ ውሃ ላይ በፈረስ በሚጐተት ጀልባ ነው። በጀልባዋ ክፍል ውስጥ ሌሊት በግድግዳው ላይ ሦስት ሦስት ደርብ የተሰቀሉ ጠባብ መደርደሪያዎች አየና የመጽሐፍ መሳቢያ መሰሉት፤ በላያቸው ትንንሽ አንሶላና ብርድ ልብስ ባየ ጊዜ ግን ሰዎቹ ራሳቸው እንደ መጽሐፍ ተጋድመው የሚያድሩባቸው መሆናቸውን ዐወቀ። ስፍራውም በዕጣ ይከፋፈል ነበር። ጥዋት ፊት መታጠብ የወደደ ሰው በሰንሰለት የታሰረውን የቆርቆሮ ጭልፋ ወስዶ ውሃ ከቦዩ ይቀዳል፤ ፎጣው የሁሉ ነው፤ ማበጠሪያውም የሁሉ ሆኖ ከዳቦውና ከአይቡ አጠገብ ተሰቅሎአል።

ቁርሱስ? ሻይ፥ ቡና፥ ዳቦ፥ ቅቤ፥ ሳልሞንና ሻድ የሚባሉ ዓሦች፥ ጉበት፥ ጥብስ፥ ድንች፥ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት፥ የአሳማ ታፋ፥ የጎድን ሥጋ፥ በደም የተሞላና በሥጋ የተሞላ ቋሊማ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀርባል፥ አንዳንዱም ሰው ሁሉንም በአንድ ሳሕን ያደባልቀዋል። ምሳውም ሻይና ቡና ሲጐድልበት ይኸው ነው፤ ራቱም እንደ ቁርሱ ነው። ሰው በመርከቡ ጣራ ላይ ተቀምጦ ሲጨዋወት መሪው ድልድይ መጣ ብሎ ይጮኻል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

የአሌጌኒ ተራራ በደረሰ ጊዜ ቦዩ ይቀርና መንገደኛው በሐዲድ ላይ ይወጣል። ዐሥር የተዘነበሉ ቁልቁለቶች ነበሩ፤ በአምስቱ ሠረገላው ይወጣል፥ በአምስቱ ይወርዳል፥ የሚስበውና የሚይዘውም በስፍራው የተተከለ የእንፋሎት መኪና ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሐዲዱ በገደል አፋፍ ላይ ስለ ነበረ፥ በመስኮት ቢመለከቱ በታች ያለው ሸለቆ ብቻ ይታያል። ዲክንስ ግን በዚህ ሁሉ ማጉረምረም ሳይሆን መሣቅ ይወድ ነበር፤ ጥዋት ከጀልባው ወርዶ ፈረሶቹን በሚመሩበት መንገድ በብርዱ መራመዱን ከጉዞው ሁሉ ከተደሰተባቸው ነገሮች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል።

ከፒትስበርግ በኦሃዮ ወንዝ ላይ መሴንጀር በተባለች የእንፋሎት መርከብ ወረደ። የእነዚያ መርከቦች ጋን ብዙ ጊዜ እየፈነዳ ሰው ይገድል ነበርና፥ ፍንዳታው ከፊት ስለሚጀምር ከኋላ ተኛ ብለው መከሩት። በዚህች መርከብ ማዕድ ላይ ግን ከፍንዳታው ይልቅ ያስጨነቀው ዝምታው ነው። ደወል ሲደወል ሁሉ ይሮጣል፤ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር ይጐርሳል፤ በጨረሰ ጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል። ሣቅ የለም፥ ጨዋታ የለም፥ ብላልኝ ጠጣልኝ የለም። በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ እየተጐራረሰ ለሚበላ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ያስቸግራል፤ ዲክንስም የኀዘን ቤት ነበር የመሰለው። ስለዚህ ስፍራ ባነበብሁ ቍጥር፥ እነዚያ ሰዎች ክፉዎች ሳይሆኑ ቸኳዮች ነበሩ እላለሁ፤ ከፊታቸው ገና ያልታረሰ ሰፊ ምድር ነበረና።

ኦሃዮና ሚሲሲፒ የሚገናኙበትን ካይሮ የተባለውን ረግረግ ስፍራ የወባና የሞት ቤት ብሎ አዘነበት። የሚሲሲፒን ውሃ ራሱ በመርከብ ላይ ሳሉ ጠጥተውታል፤ የአገሩ ሰዎች ለጤና መልካም ነው ይሉት ነበር፥ ጭቃው ግን ከአጥሚት ይወፍር ነበር። በሴንት ሉዊስ በአንድ ሆቴል ከሚስቱ ጋር ለብቻቸው በክፍላቸው ሲመገቡ በሰሌዳው ላይ በአንድ ጊዜ ዐሥራ አራት ዐይነት ምግብ ቈጠረ። ወደ ሜዳው፥ ፕሬሪ ወደሚሉት ሰፊ የሣር ምድር፥ በሄዱ ጊዜም ባለ ስንቆቹ ጥብስ ዶሮ፥ የጎሽ ምላስ፥ አይብ፥ ሎሚ፥ በረዶና ሻምፓኝ ጭነው ነበር። ሜዳው እንደ ሰማው አላማረውም፤ ምሳው ግን አማረው።

በኦሃዮ ግዛት የሠረገላው መንገድ ከሁሉ የባሰ ነበረ። በረግረጉ ላይ የዛፍ ግንድ አጋድመው ስለሚሠሩት፥ ሠረገላው ከግንድ ወደ ግንድ ሲዘል የመንገደኛው አጥንት ይላቀቅ ነበር። አንድ ቀን ለምሳ በወረዱበት ቤት መጠጥ ሻይና ቡና ብቻ ሆነ፤ ሁለቱም መጥፎ፥ ውሃው ከሁለቱም የከፋ ነበረ። ዲክንስ ብራንዲ ቢጠይቅ፥ ቤቱ አረቄ የማይሸጥበት የመጠን ማኅበር ሆቴል ነው አሉት። ለእንግዳው ኅሊና እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ስለ ምግቡ ደግሞ ቢጠነቀቅ ምን ነበረ ብሎ አጉረመረመ።

በኤፕሪል መጨረሻ ናያግራ ደርሶ በፏፏቴው ፊት ሳያጉረመርም ቀናት ተቀመጠ፤ ጁን 7 ቀንም ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የእንፋሎት መርከብን ፈርቶ ስለ ነበር የተመለሰው በሸራ መርከብ ነው። በኦክቶበር ወር የጉዞውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በአሜሪካም ወዲያው ሳይከፈለው ታተመበትና ብዙ ቍጣ አስነሣ። ሰዎቹን ያስቈጣቸው የምራቁና የማዕዱ ነገር ነው ይባላል፤ እኔ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ስለ ባርነት ብቻ የጻፈው ምዕራፍ ይበልጥ የወጋቸው ይመስለኛል። በዚያ ምዕራፍ የጠፉ ባሮችን ለማስፈለግ በጋዜጣ የወጡ ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ፥ በሰውነታቸው ላይ ያለውን ጠባሳና ሰንሰለት ራሳቸው ባለቤቶቹ እንዲመሰክሩ አድርጎአል።

ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። በ1865 ዓ.ም. ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ባርነት በአሜሪካ በሕግ ተሻረ። ዲክንስም በኖቬምበር 1867 ዓ.ም. መጽሐፎቹን በዐደባባይ ሊያነብ እንደ ገና ቦስተን ገባ። አሁን ዝነኛ፥ ባለጸጋ፥ ነገር ግን ሕመምተኛ ነበረ። የኦይስተሩ ወጥና ዐሥራ አራቱ ሳሕን ከእንግዲህ ለእርሱ አልነበሩም። ጥዋት የወተት ስልባቦት ከሮም አረቄ ጋር፥ በቀትር አንድ ብስኩትና ሼሪ የተባለ ወይን ጠጅ፥ ከቀትር በኋላ ሻምፓኝ፥ ሊያነብ ከመውጣቱ በፊት በሼሪ የተመታ ዕንቍላል፥ ይህን የመሰለ ምግብ እንደሚወስድ ለልጁ ጻፈ።

በባልቲሞርም እንደ ገና በማዕድ ተቀመጠ። የሚያሳልፉለት ጥቁሮች አሁን ነጻ ሰዎች ነበሩ። የባርነት መንፈስ ገና ከቤቶቹ አልወጣም ብሎ ለፎርስተር ጻፈ፤ በዚያው ደብዳቤ ግን ስለ እነዚያ ነጻ ሰዎች የንቀት ቃል ጻፈ፥ ድምፅ ይስጡ በሚለውም አሳብ ዘበተ። በሠላሳ ዓመቱ በዚህችው ከተማ በማዕድ ላይ ያፈረው ሰው ይህንም ጻፈ፤ ታሪኩን የሚነግር ሰው ሁለቱንም መንገር አለበት።

ኤፕሪል 18 ቀን 1868 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ጋዜጠኞች ዴልሞኒኮ በተባለው ምግብ ቤት የስንብት ራት አደረጉለት። እግሩ ታሞ ስለ ነበር ዘግይቶ እያነከሰ ገባ። በንግግሩም በአገሪቱ ያየውን መሻሻልና የተደረገለትን ክብር መሰከረ፤ ይህም ምስክርነቱ ስለ አሜሪካ በጻፋቸው በሁለቱ መጽሐፎቹ መጨረሻ ሁልጊዜ እንዲታተም ቃል ገባ። ቃሉም ተፈጸመ፤ ምስክርነቱ ታተመ። ስለ ባርነት የጻፈው ምዕራፍም፥ ያ የሪችመንድ ጌታ ጆሮው የደነቈረበት ገጽም፥ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በስፍራቸው ቀሩ።